“ስሌቴ ልክ ነው፣ መብራቱ ግን ተቃጠለ”

የዛሬዋ ጠያቂያችን ስሟን መግለጽ አልፈለገችም። ደብዳቤዋ ትንሽ አጥሮ እንዲህ ይላል፦

“ሰላም ጋሼ። ኤሌክትሪሲቲ መማር ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ፎርሙላዎቹን በቃሌ ይዣቸዋለሁ፣ ተግባር ላይ ስደርስ ግን ሁሉም ይገለባበጥብኛል። ቀይ ኤልኢዲ (ያቺን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ መብራት) በባለ 12 ቮልት ባትሪ ላብራ ብዬ የሚያስፈልገውን ሬዚስተር፣ ከረንቱን የሚገታውን ዕቃ፣ አሰላሁ። ኤልኢዲው 2 ቮልት፣ 20 ሚሊ አምፔር ነው። 12ን ለ20 ሳካፍል 0.6 መጣልኝ። 0.6 ኦም ስላጣሁ ባለ 1 ኦም አንድ እሽግ ገዛሁ። ሦስት ኤልኢዲ ተራ በተራ ብልጭ እያሉ ጠፉብኝ። በንዴት የመኪና አምፖል ወሰድኩ፣ 12 ቮልት 21 ዋት የሚል ተጽፎበታል። በመልቲሜትር ሬዚስታንሱን ስለካው 0.6 ኦም አለኝ። በዚህ ሳሰላው 240 ዋት ወጣ! የቱን ልመን፣ ጽሑፉን ወይስ መለኪያዬን? ሌላም አለኝ። አንዱ ፎርሙላ ሬዚስታንስ ሲጨምር ፓወር ይጨምራል ይላል፣ ሌላው ደግሞ ይቀንሳል ይላል። የሚያስተምረንን ሰውዬ ብጠይቀው ‘ሁለቱም ልክ ናቸው’ ብሎኝ አለፈ። እንዴት ነው ሁለቱም ልክ የሚሆኑት? ሦስት ያቃጠልኩት ነኝ።”

ሦስት ያቃጠልሽው እህቴ፣ መጀመሪያ ደግ ዜና ልንገርሽ። ሂሳብሽ ምንም አልሆነም። 12 ለ20 ሲካፈል 0.6 ነው። 12 በራሱ ተባዝቶ ለ0.6 ሲካፈልም 240 ነው። ካልኩሌተርሽንም ራስሽንም አትጠርጥሪ። የሳትሽው ከማካፈልሽ በፊት ነው፤ የማይዛመዱ ቁጥሮችን አጋብተሻል።

ምን ማለቴ ነው? ፎርሙላው ውስጥ የሚገቡት ቮልቴጅና ከረንት የአንድ ዕቃ መሆን አለባቸው። ቮልቴጁ በዚያ ዕቃ ሁለት ጫፎች መካከል ያለው ነው፣ ከረንቱም በዚያው ዕቃ ውስጥ የሚያልፈው፣ ያውም በዚያው ቅጽበት። የባትሪውን ቮልቴጅ ከኤልኢዲው ከረንት ጋር ብታስገቢም፣ የበራ አምፖል ቮልቴጅን ከቀዝቃዛ አምፖል ሬዚስታንስ ጋር ብታስገቢም መልስ ይወጣልሻል። ወረቀቱ አይቆጣሽም። የሚቆጣው ዕቃው ነው፣ እሱን ደግሞ አይተሽዋል። ሦስቱም ጥያቄዎችሽ ከዚህች አንድ ነገር የመጡ ናቸው፣ ስለዚህ እዚህችው ላይ ሙጭጭ ብዬ ልቆይ ነው።

ያንን አሥራ ሁለት ፎርሙላ የተደረደረበትን ክብ ሥዕል ግድግዳሽ ላይ ለጥፈሽው ከሆነ አውርጂው። ሁለት ብቻ ያዢ፦

ቮልቴጅ = ከረንት × ሬዚስታንስ

ፓወር = ቮልቴጅ × ከረንት

በቃ። ቮልቴጁ በቮልት፣ ከረንቱ በአምፔር ከገባ ሬዚስታንሱ በኦም፣ ፓወሩ በዋት ይወጣል። ከረንት ስል “ኮረንቲ ያዘኝ” ሲባል የምንሰማውን ነገር ሁሉ ማለቴ አይደለም፣ በሽቦው ውስጥ በየሰከንዱ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ መጠን ነው። ቮልቴጅ እሱን የሚገፋው ግፊት ነው፣ ሬዚስታንስ ዕቃው የሚገታበት መጠን፣ ፓወር ደግሞ ዕቃው በየሰከንዱ የሚፈጀው ጉልበት። ለምሳሌ አንድ ማሞቂያ ጫፎቹ ላይ 220 ቮልት እያለ 5 አምፔር ሳበ እንበል። ሬዚስታንሱ 220 ÷ 5 = 44 ኦም። ፓወሩ 220 × 5 = 1100 ዋት። ቮልትና አምፔር በእጅሽ ካሉ ሌላ ምንም አያስፈልግሽም፣ አንዱን ታካፍያለሽ፣ አንዱን ታባዣለሽ። የውሃ ቧንቧ ምሳሌ አላመጣብሽም፤ በሁለት ወር ውስጥ ጠግበሽዋል ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ወደ ኤልኢዲዎቹ፣ ነፍሳቸውን ይማር።

20 ሚሊ አምፔር ማለት 0.02 አምፔር ነው። ሚሊ የሺኛ እጅ ነች። 20 አምፔር እኮ ወፍራም ሽቦ የሚጠይቅ ከረንት ነው፣ ባለ 2000 ዋት ማሞቂያ እንኳ በ220 ቮልት የሚስበው 9 አምፔር ገደማ ነው። የሚያጽናናሽ ነገር ግን አለ። ቮልትን ለሚሊ አምፔር ስታካፍዪ የሚወጣልሽ መልስ ኪሎ ኦም ነው። ስለዚህ ያ 0.6 ውሸት አልነበረም። 0.6 ኪሎ ኦም፣ ማለትም 600 ኦም ነበር የሚልሽ። አንቺ በ600ው ቦታ 1 ኦም አስቀመጥሽ። ከረንቱን የሚገታው ነገር ጠፋ ማለት ነው፣ ኤልኢዲውም ብልጭ ብሎ ሄደ።

ሁለተኛው ስህተት ይደበቃል፣ ለዚህም ነው ብዙ ሰው ዓመታት ይዞት የሚኖረው። ሬዚስተሩና ኤልኢዲው ተከታትለው ነው የተገጠሙት። 12ቱን ቮልት ይካፈሉታል። ኤልኢዲው 2 ቮልት ከወሰደ ለሬዚስተሩ የሚቀረው 10 ነው። ሬዚስተር እያሰላሽ ከሆነ ደግሞ የምትወስጂው የሬዚስተሩን ቮልቴጅ ነው፣ የባትሪውን አይደለም። 10 ÷ 0.02 = 500 ኦም። ይሄው ነው ትክክለኛው መልስ። በ600 ብትገጥሚው ኖሮ ኤልኢዲው 17 ሚሊ አምፔር ገደማ ያገኝና በደንብ ይበራ ነበር፣ አንቺም ልክ ነኝ ብለሽ ትቀጥዪ ነበር። ባትሪሽ 3 ቮልት ቢሆን ግን ይጋለጣል። በተሳሳተው መንገድ 3 ÷ 0.02 = 150 ኦም ትያለሽ፣ በትክክለኛው 1 ÷ 0.02 = 50 ኦም ነው። 150ውን ገጥመሽ ኤልኢዲው የሚደርሰው 7 ሚሊ አምፔር ገደማ ብቻ ነው። ደብዘዝ ብሎ ይበራል፣ ባትሪው ደክሟል ትያለሽ፣ ባትሪ ትቀይሪያለሽ፣ አሁንም ደብዛዛ ነው።

500 ኦም የሚል ሬዚስተር በተለመደው ተርታ ውስጥ አታገኚም፣ 470 ወይም 560 ነው ያለው። እኔ 560ውን እወስዳለሁ። 10 ÷ 560 = 0.018 አምፔር ገደማ፣ ለኤልኢዲው አይከፋም። ባትሪው የመኪና ከሆነና ሞተሩ እየሠራ ከሆነ ቮልቴጁ ወደ 14 ስለሚጠጋ ያቺ ትርፍ ትጠቅምሻለች። እና እባክሽ እዚህ ላይ ፓወሩንም አስዪ፦ 10 × 0.018 = 0.18 ዋት። ይሄ ሬዚስተሩ ወደ ሙቀት የሚቀይረው ነው። የሩብ ዋት ሬዚስተር ይችለዋል፣ ግን ሲነኩት ይሞቃል። የግማሽ ዋት ካለሽ እሱን አድርጊ። ሰው ሬዚስተር ሲገዛ የኦሙን ቀለበት ቀለሞች ቆጥሮ ዋቱን ይረሳል፣ ከዚያ ቦርዱ ላይ ቡናማ ነገር ተለጥፎ ያገኘዋል።

አንድ ተንኮለኛ ጥያቄ ላክልበት። ኤልኢዲው ራሱ ስንት ኦም ነው? 2 ÷ 0.02 = 100 ኦም ብትይ ለዚያች ቅጽበት ልክ ነሽ። ግን ከረንቱን ወደ 10 ሚሊ አምፔር ብታወርጂው ቮልቴጁ በግማሽ አይወርድም፣ ከ2 ቮልት ብዙም ሳይርቅ እዚያው አካባቢ ይቆያል። ስለዚህ “ሬዚስታንሱ” ወደ 200 ኦም ይጠጋል ማለት ነው። ከቮልትና ከአምፔር ያሰላሽው ኦም በለካሽበት ሁኔታ ብቻ የሚሠራ ቁጥር ነው። ተራ ሬዚስተር ላይ ይሄ አይታይሽም፣ ብታሞቂውም ብታቀዘቅዢውም ያው ነው ማለት ይቻላል። ሁሉም ዕቃ ግን እንደሱ ጨዋ አይደለም።

አምፖሉ ደግሞ ከሁሉም ባሰ።

ጽሑፉም መለኪያሽም እውነታቸውን ነው። የሚያወሩት ስለተለያየ ሰዓት ስለሆነ ነው የተጣሉብሽ። ጽሑፉ ስለበራ አምፖል ነው የሚናገረው። 21 ዋት ለ12 ቮልት ሲካፈል 1.75 አምፔር። 12 ለ1.75 ሲካፈል ወደ 6.9 ኦም። መልቲሜትርሽ ግን የለካው ጠረጴዛ ላይ የተኛ ቀዝቃዛ አምፖል ነው። መልቲሜትር ኦም ሲለካ የሚልከው ከረንት በጣም ትንሽ ስለሆነ ክሩን አያሞቀውም። የአምፖሉ ክር ተንግስተን ነው፣ ሲበራ ከ2000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፣ እንደ አብዛኛው ብረት ደግሞ በጋለ ቁጥር ሬዚስታንሱ ይጨምራል። 0.6 የነበረው 6.9 ሲሆን ከ11 እጥፍ በላይ ነው፣ ለእንደዚህ ዓይነት አምፖል የሚጠበቅ ነገር ነው። የበራውን ቮልቴጅ፣ 12ን፣ ከተኛው ሬዚስታንስ፣ ከ0.6፣ ጋር ስታጋቢያቸው 240 ዋት የሚያህል ልጅ ወለዱልሽ።

የሚገርመው 240 ዋቱም ጨርሶ ቅዠት አይደለም። ማብሪያውን በተጫንሽባት ቅጽበት ክሩ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ 12 ÷ 0.6 = 20 አምፔር ያህል ለመሳብ ይንደረደራል። ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ አይቆይም፣ ክሩ ይግላል፣ ከረንቱ ወደ 1.75 ይወርዳል። አምፖል አብዛኛውን ጊዜ በርቶ ሳለ ሳይሆን ልታበሪው ስትጫኚ “ጢስ” ብሎ የሚሞተው ለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ ያ 0.6 ራሱ ትንሽ ያጠራጥረኛል። እንዲህ ትንሽ ኦም ስትለኪ የመልቲሜትሩ ገመዶች የራሳቸውን ይጨምሩበታል። ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ አነካክተሽ ምን እንደሚል እዪ። 0.2 ካለ ከ0.6ው ላይ ቀንሺው። ሬዚስታንስሽ 500 ኦም ሲሆን 0.2 ምንም አይደለችም፣ 0.6 ሲሆን ግን ሲሶው ናት።

ይሄ ስህተት ያንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ። “ቮልቴጅ = ከረንት × ሬዚስታንስ” የሚለው ሕግ ባለቤት ጌኦርግ ኦምም ወድቆበታል። ጀርመናዊ ነው፣ ኮሎኝ ውስጥ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1825 ሙከራ ሲጀምር የተጠቀመው በዘመኑ የነበረውን ባትሪ ነበር፣ ያ ባትሪ ደግሞ እየሠራ ሳለ ቮልቴጁ ይወርድ ነበር። ያሳተመው የመጀመሪያ ፎርሙላ በዚህ የተነሳ የተሳሳተ ነበር። በኋላ ባትሪውን ተወና ከሁለት ብረቶች፣ ከመዳብና ከቢስሙዝ፣ የተሠራ ምንጭ አበጀ። የብረቶቹን አንዱን መገጣጠሚያ የፈላ ውሃ ላይ፣ ሌላውን በረዶ ላይ አደረገው። የሙቀቱ ልዩነት ስለማይለወጥ ቮልቴጁም ጸና። ከዚያ የተለያየ ርዝመት ያላቸው ሽቦዎች እየቀያየረ ከረንቱን በማግኔት መርፌ ለካ፣ ቁጥሮቹም መስመር ያዙ። መጽሐፉ የወጣው በ1827 ነው። መጀመሪያ በአገሩ ሰዎች ፊት ብዙም አልተወደደለትም፣ የለንደኑ የሳይንስ ማኅበር፣ ሮያል ሶሳይቲ፣ የኮፕሊ ሜዳልያ የሸለመው በ1841 ነበር። እኔ ይሄን ታሪክ የምወደው ስለ ሜዳልያው አይደለም። ሰውዬው ፎርሙላውን ያስተካከለው የማይንቀሳቀስ ቮልቴጅ ካገኘ በኋላ መሆኑ ነው የሚጥመኝ።

ያንቺም ባትሪ እንደሱ ባትሪ ይወርዳል። ምንም ሳይገጠምበት ስትለኪው 9.3 ቮልት የሚል ባለ 9 ቮልት ባትሪ ላይ ባለ 10 ኦም ሬዚስተር ስትሰኪ 7.9 ሊልሽ ይችላል። 9.3ን ለ10 አካፍለሽ 0.93 አምፔር ካልሽ ተሳስተሻል። በዚያች ሰዓት ሬዚስተሩ ላይ ያለው 7.9 ነው፣ ከረንቱም 0.79። የጠፋው 1.4 ቮልት የት ሄደ? ባትሪው ውስጥ ቀረ። 1.4 ÷ 0.79 ወደ 1.8 ኦም ይሆናል፣ ይሄ የባትሪው የውስጥ ሬዚስታንስ ነው። እያየሽ ነው? ቮልቴጅና ከረንቱን በትክክል ካጋባሽ ከፍተሽ የማታዪውን ነገር ሁሉ ትለኪያለሽ። ብትሞክሪው ግን በፍጥነት ለክተሽ ንቀዪው፣ 7.9 × 0.79 ከ6 ዋት በላይ ነው፣ ትንሽ ሬዚስተር ወዲያው ይጨሳል።

እንግዲህ ወደ ሦስተኛው እንለፍ። መምህርሽ ልክ ነው፣ ግን እዚያ ላይ መቆም አልነበረበትም።

ሁለቱን ዋና ፎርሙላዎች ስታዳቅዪያቸው ሁለት ተጨማሪ የፓወር መንገዶች ይመጣሉ። አንዱ ከረንት × ከረንት × ሬዚስታንስ ነው። ሌላው ቮልቴጅ × ቮልቴጅ ÷ ሬዚስታንስ። በመጀመሪያው ሬዚስታንስ ማባዣ ነው፣ በሁለተኛው አካፋይ። አንቺን ግራ ያጋባሽ “ሬዚስታንስ ሲጨምር” የምትለዋ ነገር ናት። ሬዚስታንስ ብቻውን አይጨምርም። አንዱን ስትነኪ ሌላው ይንቀሳቀሳል፤ ጥያቄው ሬዚስታንሱን ስትቀይሪ ሳይነቃነቅ የሚቀረው የትኛው ነው የሚለው ነው፣ ቮልቴጁ ወይስ ከረንቱ?

220 ቮልት ላይ 2000 ዋት የሚሰጥ ማሞቂያ ያዢ። ከረንቱ 9.09 አምፔር፣ ሬዚስታንሱ 24.2 ኦም። አሁን ሬዚስታንሱን እጥፍ አድርጊው፣ 48.4። ሶኬቱ 220 ማለቱን አይተውም፣ ስለዚህ ከረንቱ በግማሽ ይወርዳል፣ 4.55። ፓወሩ 220 × 4.55፣ ማለትም 1000 ዋት። በሌላኛው ፎርሙላ ሞክሪው፦ 4.55 × 4.55 × 48.4። እሱም 1000 ነው። አልተጣሉም! አንቺን ያጣላሽ ምን መሰለሽ፣ 48.4ን አስገብተሽ የድሮውን 9.09 እዚያው መተውሽ ነው። እንዲያ ካደረግሽ 4000 ዋት ይወጣልሻል፣ የድሮ ከረንት ከአዲስ ሬዚስታንስ ጋር ተጋብቶ።

ከረንቱ ሳይነቃነቅ የሚቀረው መቼ ነው? ዕቃዎች ተከታትለው ሲገጠሙ፣ በሁሉም ውስጥ የሚያልፈው ከረንት አንድ ነው። ባለ 10 እና ባለ 30 ኦም ሬዚስተር አከታትለሽ 12 ቮልት ስጫቸው። ድምሩ 40 ኦም፣ ከረንቱ 0.3 አምፔር። ባለ 10ሩ ላይ 3 ቮልት፣ ባለ 30ው ላይ 9 ቮልት። ፓወራቸው 0.9 ዋት እና 2.7 ዋት። ትልቁ ኦም የበለጠ ሞቀ። እነዚያኑ አሁን ጎን ለጎን እያንዳንዳቸውን በቀጥታ 12 ቮልቱ ላይ ግጠሚያቸው። ባለ 10ሩ 1.2 አምፔር ስቦ 14.4 ዋት ይሆናል፣ ባለ 30ው 0.4 አምፔር ስቦ 4.8 ዋት። አሁን የሞቀው ትንሹ ኦም ነው። ያው ባለ 10 ኦም ሬዚስተር፣ ያው ባትሪ፣ አንዴ 0.9 አንዴ 14.4 ዋት። ልዩነቱ 16 እጥፍ ነው። “ባለ 10 ኦም ሬዚስተር በ12 ቮልት ስንት ዋት ነው?” የሚል ጥያቄ ፈተና ላይ ከመጣብሽ ሥዕሉን ሳታዪ አትመልሺ።

ይሄ ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ጉዳይ አይደለም፣ ቤት ያቃጥላል። ያንን ባለ 2000 ዋት ማሞቂያ ረጅምና ቀጭን በሆነ የኤክስቴንሽን ገመድ ላይ ሰካሽው እንበል። 25 ሜትር፣ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ። ሄዶ ተመላሽ 50 ሜትር ስለሆነ የሽቦው ሬዚስታንስ ወደ 1.2 ኦም ይሆናል። ሽቦውና ማሞቂያው ተከታታይ ናቸው፣ 24.2 ሲደመር 1.2፣ 25.4 ኦም። ከረንቱ 8.66 አምፔር። ሽቦው ላይ የሚወድቀው 8.66 × 1.2፣ ከ10 ቮልት ትንሽ በለጥ ይላል፤ የሚሞቀውም በ90 ዋት ነው። 90 ዋት በ25 ሜትር ላይ ከተበተነ ገመዱ ለብ ይላል። ትርፉን ጠቅልለሽ ከአልጋ ሥር ካስገባሽው ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺው ታውቂዋለሽ። አሁን ጎበዝ ተማሪ የሚሠራውን ስህተት ልንገርሽ፦ “ሽቦው 1.2 ኦም ነው፣ ቮልቴጁ 220 ነው፣ 220 በ220 ለ1.2 ሲካፈል 40 ሺህ ዋት!” 220ው የሽቦው ቮልቴጅ አይደለም። የሽቦው ድርሻ 10 ቮልት ብቻ ነበር።

በስሌት አስለቅሼሽ ከሆነ ይቅርታ፣ መለካት ላይ ደግሞ እኔ ራሴ ያለቀስኩበትን ላጫውትሽ። ቮልቴጅ ሲለካ መልቲሜትሩ ከዕቃው ጎን ነው የሚነካው፣ ዕቃው ሳይነቀል። ከረንት ሲለካ ግን መስመሩን ቆርጠሽ መልቲሜትሩን መሃል ታስገቢዋለሽ፣ ከረንቱ በእሱ ውስጥ እንዲያልፍ። ለዚህ ሲባል ቀዩን ገመድ 10 አምፔር ወደሚለው ቀዳዳ ታዛውሪዋለሽ። እኔ አንድ ቀን ከረንት ለክቼ ጨረስኩ፣ ማዞሪያውን ወደ ቮልት መለስኩት፣ ገመዱን ግን እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ረሳሁት። ከዚያ ኮራ ብዬ የመኪና ባትሪ ሁለት ጫፎች ላይ አነካካሁት። ጧ! የቀዩ ገመድ መውጊያ ጫፍ አይጥ የቀመሰችው ይመስል ተቆርጧል። የአምፔር ቀዳዳ ከሞላ ጎደል ሬዚስታንስ የለውም፣ 12 ቮልት ለዜሮ ለሚጠጋ ቁጥር ሲካፈል ምን እንደሚመጣ አስዪው። ከዚያ ወዲህ ከረንት በለካሁ ቁጥር መጀመሪያ ገመዱን ወደ ቮልት ቀዳዳ እመልሳለሁ፣ ከዚያ ነው ቁጥሩን የምጽፈው።

ኦም ስትለኪ ደግሞ ዕቃው ከማንኛውም ምንጭ የተነቀለ ይሁን። ባለ 220 ቮልቱን መስመር ቆርጠሽ መልቲሜትር ለማስገባት ለጊዜው አታስቢ። ሽቦውን ከላይ የሚቆነጥጥ ክላምፕ ሜትር ወይም ሶኬት ላይ የሚሰካ የዋት መለኪያ አለልሽ። ካውያና ማሞቂያ ላይ ቮልት በአምፔር ስታባዢ ዋቱ ልክ ይመጣል። ማራገቢያ፣ ፓምፕ፣ ሞተር ያለው ነገር ላይ ግን ከእውነተኛው ዋት የበለጠ ቁጥር ነው የሚወጣልሽ፣ ምክንያቱም ተለዋዋጩ ቮልቴጅና ከረንት እኩል አይራመዱም። ያው በሽታ ነው፣ በአንድ ቅጽበት የማይገናኙ ቁጥሮች። የሞተርን የሽቦ ጥቅል በኦም ሜትር ለክተሽም 220ን በሱ እንዳታካፍዪ። ይሄን ሌላ ጊዜ ጻፊልኝ፣ ለብቻው ይወራል።

የበራ አምፖልሽን ሬዚስታንስ ማየት ከፈለግሽ ግን ዛሬውኑ ሞክሪው። መልቲሜትሩን በ10 አምፔር ቀዳዳ ከአምፖሉ ጋር አከታትዪው፣ ከረንቱን ጻፊ። ገመዱን ወደ ቮልት ቀዳዳ መልሺ፣ የቆረጥሽውንም መስመር አገናኚው። አምፖሉ በርቶ ሳለ በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ቮልቴጁን ለኪ፣ ባትሪው ላይ አይደለም፣ አምፖሉ ራሱ ላይ። አካፍዪ። 7 ኦም አካባቢ ካልመጣልሽ ቁጥሮቹን ላኪልኝ።

እና ያ የተረፈሽ ባለ 1 ኦም እሽግ እንዳይጣል። ከምታስቢው በላይ ይጠቅምሻል። አንዱን ከአዲሱ ኤልኢዲሽና ከ560ው ጋር አከታትለሽ ግጠሚው፣ ከዚያ በዚህች በባለ 1 ኦሟ ጫፎች ላይ ብቻ ቮልቴጅ ለኪ። ሬዚስታንሷ 1 ስለሆነ ያነበብሽው ሚሊ ቮልት በቀጥታ ሚሊ አምፔር ነው። 18 ሚሊ ቮልት ካለሽ 18 ሚሊ አምፔር እያለፈ ነው፣ መስመር መቁረጥ የለ፣ ቀዳዳ መቀየር የለ። የምትወስደው ፓወር 0.018 × 0.018 × 1 ነው፣ ከሺኛ ዋት እንኳ ያንሳል። የመኪናው አምፖል ላይ ግን እንዳትሞክሪያት። እዚያ አንድ አምፔር ተኩል ገደማ ነው የሚያልፍባት፣ ከ2 ዋት በላይ ይሆናል፣ እሷ ደግሞ የሩብ ዋት ናት።